ኮላው አልደረቀም

"ኮላው አልደረቀም" አለ አናጢው፣ ሁለቱ ተሸካሚዎች እጃቸውን ከቁም ሳጥኑ ሥር ሲያስገቡ።

ውሃ የማያነሳ ሰበብ መሆኑን ራሱም ያውቀዋል። ኮላው ከደረቀ ሦስት ቀን ሆኖታል። ቅዳሜ እወስዳለሁ ያለችው ገዢ ግን ዛሬ በጠዋቱ ከወርክሾፑ ባለቤት ጋር የጭነት መኪና ይዛ ከተፍ አለች። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የስድስት ዓመት ልጁ አለች። የመኪናውን ድምፅ ሲሰማ መላ ቢያጣ ቆለፈባት፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው።

ከተከራዩት ቤት ከተባረሩ ወዲህ የሚያድሩት እዚሁ ነው። እሱ ሰጋቱራው ላይ ይተኛል፤ እሷ ከብርድና ከአይጥ እንድትድን ሥራው ያለቀ ቁም ሳጥን ውስጥ። ባለቤቱ አያውቅም። ያወቀ ቀን ሥራውም ማደሪያውም ባንዴ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ልጁን ይዞ የት እንደሚገባ ማሰብ እንኳ ያስፈራዋል።

ገዢዋ ከኋላ በኩል በትራፓኖ የተበሱ አራት ቀዳዳዎች አይታ ምንድን ናቸው አለች። ልብስ እንዳይሻግት አየር ማስገቢያ ናቸው አላት።

"ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ለልብስ ማዘን የጀመርከው?" አለ ባለቤቱ። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። አናጢውም አብሮ ሊስቅ ሞከረ።

አነሱት። ወፍራሙ ተሸካሚ ድንጋይ ነው እንዴ የሞላችሁበት ብሎ አጉረመረመ። በሩ ጠባብ ስለሆነ በጎኑ አጋደሙት። ከውስጥ አንድ ነገር ተንሸራቶ እንጨቱን ገጨ።

አናጢው ጆሮውን ቀስሮ ጠበቀ። ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች፣ ቢያንስ ታስላለች ብሎ ጠበቀ። ምንም የለም።

እውነተኛው ፍርሃት ያን ጊዜ ያዘው። ሰው ከመጣ ትንፍሽ እንዳትዪ እያለ ማታ ማታ ያስጠናት እሱ ነው። መኪና ላይ ጭነው በገመድ ቢጠፍሯትም ትንፍሽ አትልም።

"አስቀምጡት" አለ። "ልጄ ውስጥ አለች።"

አወረዱት። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ከፈተ።

ልጅቱ ጥግ ላይ ተኮራምታለች። ግንባሯ አብጧል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ በሁለት እጇ አፏን አፍናለች። የቆሙትን ሰዎች አላየቻቸውም። አባቷን ብቻ እያየች፣ አሁን መተንፈስ ይቻል እንደሆነ እስኪነግራት ትጠብቃለች።