አተር ይታለባል እንዴ?

ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ሲያልቡ የኖሩት አባቷ የአኩሪ አተሩን ወተት ካርቶን ከአልሞንድ ለውዙ ወተት ካርቶን ጋር እያስተያዩ በአጉሊ መነጽር ሲያነቡ፣ እሷ አጠገባቸው ቆማ ጠበቀች። ሐኪሙ ለልጇ የላም ወተት ከከለከለ ወዲህ፣ «አተር ይታለባል እንዴ?» እያሉ ሲያሾፉባት ነበር የከረሙት።

«የአልሞንዱ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል» አሉ በመጨረሻ። «ይሄ ግን ከላሞቼ ወተት ብዙም አያንስም። ካልሲየምም ጨምረውበታል። ታዲያ ታች ስለሚዘቅጥ ሳትንጪው እንዳትሰጫት።»

የአኩሪ አተሩን ካርቶን ናጥ ናጥ አድርገው በኩባያ ቀዱ። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ግን አፏን በእጇ ከድና፣ «መጀመሪያ አንተ ቅመስ፣ አባባ» አለቻቸው። ተጎነጩ። ፊታቸው ጭምድድ ሊል ሲል እንደ ምንም ያዝ አደረጉትና እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጡት። ከዚያ ኩባያውን ለልጃቸው ዘረጉላት።

«ድገሚኝ።»

«የኔ ነው!» ብላ ሕፃኗ ኩባያውን ነጠቀቻቸው።