ያልጮኸው ጅብ

ሕሊና ደባርቅ የመጣችው ጅቦች ምን እንደሚበሉ ለማጥናት ነው። ሥራዋ ባዮኢንፎርማቲክስ ይባላል፤ ዲኤንኤን በኮምፒዩተር መመርመር ማለት ነው። እግረ መንገዷንም ወንድሟን ትፈልጋለች። አለምነህ ከእናታቸው ተጣልቶ ከጎንደር ወጣ፤ በክረምት ሊማሊሞን ሲወርድ ከታየ ወዲህ የበላው ጅብ አልጮኸም።

የጅቦቹን ዓይነ ምድር ከሊማሊሞ አፋፍ እየለቀሙ የሚያመጡላት የፓርኩ ጠባቂ ጋሽ ገዱ ናቸው። ጠብመንጃቸውን አንግተው፣ የሰጠቻቸውን ነጭ ጓንት ቀበቷቸው ውስጥ ሸጉጠው ይመጣሉ።

የመጀመሪያ ቀን፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

«የደብሪቱ ላቀው። አባቴ ደርግ ሊወድቅ ሲል በጦርነቱ ሞቷል፤ ያደግነው በአያታችን ስም ነው።»

«ደብሪቱ» ብለው ስሙን ለራሳቸው ደገሙት። ከዚያ ወዲህ ስለ አለምነህ በጠየቀቻቸው ቁጥር ዓይናቸውን ይሰብራሉ። አንድ ያዩት ነገር አለ ብላ ጠረጠረች፤ ትፈራቸውም ጀመር።

ዛሬ ጠዋት የናሙናዎቹ ዲኤንኤ ውጤት ከአዲስ አበባ ተላከላት። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዟን ጻፈች። በግ መጣ፤ አህያ መጣ። ቀጥሎ ሰው መጣ።

ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

«መጀመሪያ ናሙናውን የነካውን እጅ ጠርጥሪ» ይሏት ነበር አስተማሪዋ። ለዚሁ ብላ ያስመረመረችው የራሷ ዲኤንኤ ኮምፒዩተሯ ውስጥ አለ፤ ሁለቱን አስተያየቻቸው። የእሷ አይደለም። የወንድ ነው፤ የቅርብ የሥጋ ዘመዷ፦ ወላጅ፣ ልጅ ወይም ወንድም።

ልጅ የላትም፤ አባቷ ሞቷል። ትእዛዙን ፊደል በፊደል አይታ እንደገና አስኬደችው፤ መልሱ ያው ነው። ለእናቷ ምን ብላ ትደውል? የሚቀበር አስከሬን እንኳ የለም።

ስልኳ ጠራ፤ የማታውቀው ቁጥር ነው።

«ሕሊና? እኔ ነኝ፣ አለምነህ። ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነኝ። እማዬ አሁንም እንዳኮረፈች ናት?»

እያለቀሰች ሰደበችው፤ ሰድባው ስታበቃ ሳቀች። ስልኩ ሲዘጋ ግን ዓይኗ ተመልሶ ስክሪኑ ላይ አረፈ፣ ፍርሃቱም መጣባት። አለምነህ ካልሆነ የተበላው ማን ነው?

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ገዱ ናቸው።

«ሌላም አግኝቻለሁ፣ ልጄ» አሉና፣ ጓንቱን ከቀበቷቸው ሳያወጡ፣ የላስቲኩን አፍ ሊከፍቱላት አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አራሱ። ሕሊና ጣታቸውን አየች፤ «ወላጅ» የሚለውም ቃል ትዝ አላት።