የአዲሷ ምራት ቢላ

«ይሄኛው አይሻለኝም፣ ጋሼ?» ማስቱራ ሞተር ያለውን የቢላ መሳያ በጣቷ ነካ አደረገችው።

«እሱ ለሥጋ ቤት ነው። ለቤት ከሆነ ይሄ ይበቃሻል» አሉ ጋሽ ቱርሱን፤ የቹስት ገበያ ቢላ ሻጭ ናቸው። ቢላውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ብረት፣ ሻካራና ልስልስ ድንጋይ፣ መጨረሻ ላይ ስለቱ የሚወለወልበት ቆዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉላት። «ቢላው ዘንበል የሚልበትን ልክ ብረቱ ራሱ ይጠብቅልሻል።»

«ካሮት እንደ ክር ያስቀጥናል?»

«ካሮቱንማ የሚያቀጥነው እጅ ነው፣ ልጄ።»

እጅ! ይቺን ስትሰማ ቆሽቷ አረረ። ነገ የጎረቤት ሰርግ ነው፤ ዛሬ ከሰዓት ሴቱ ሁሉ ቢላ ቢላውን ይዞ ለሰርጉ ሩዝ ካሮት ሊከትፍ ይሰበሰባል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የካሮቱ አለቃ ማስቱራ ነበረች። አማቷ እትዬ ሳፉራ «ምራቴ ስትከትፍ እዩልኝ!» እያሉ ሰፈሩን ሲያዳርሱት ኖረዋል። ባለፈው መኸር የባሏ ታናሽ ወንድም ሁማይራን አገባና ነገር ዓለሙ ተገለበጠ። የማስቱራ ቢላ ዶለዶመ፣ የሁማይራ ካሮት ቀጠነ። ትናንት ጭራሽ «ካሮቱን ሁማይራዬ ትምራው» አሉ እትዬ ሳፉራ። ሁማይራዬ! ማስቱራዬ ካሏት ስንት ጊዜ ሆናቸው?

ግራ ቀኙን ቃኘችና በሻርፕ የተጠቀለለ ቢላ ከቦርሳዋ አወጣች። የሁማይራ ነው። ሰረቀች አይባልም፣ ሳትታይ ትመልሰዋለች።

«እንዲህ አድርጎ የሚስል ዕቃ ይስጡኝ። ያቺ ጭምት መሳይ በምን እንደምትስለው ደብቃኛለች!»

ጋሽ ቱርሱን ስለቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩና ሳቅ አሉ። «ይሄ በሻይ ስኒ ቂጥ የተሳለ ነው። የድሮ ሴቶች ስኒውን ገልብጠው በሻካራው ጠርዝ ነበር የሚስሉት። ጭረቱ ወዴት እንደሚሄድ አየሽ? የሳለው ሰው ግራኝ ነው።»

ሁማይራ ግራኝ አይደለችም። ወንዶቹም አይደሉም። በዚያ ቤት ግራኝ እትዬ ሳፉራ ብቻ ናቸው።

«ለሷ?» አለች ማስቱራ። «በገዛ እጃቸው፣ ያውም ተደብቀው? እኔ ዘጠኝ ዓመት ግቢያቸውን ስጠርግ!» የራሷን ቢላ መዥረጥ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ይሄን ይዩት! አባቴ ሲድረኝ የሰጠኝ ነው። የማንንም ውለታ ሳይፈልግ፣ አንድ ቀን ሳይሳል ሲቆርጥልኝ ኖረ!»

«ሳይሳል?»

«ሳይሳል! የአባቴ ቢላ እኮ ነው!»

ሽማግሌው ቢላውን ገለባበጡት፣ በአውራ ጣታቸውም ዳበሱት።

«ልጄ፣ ሳይሳል የሚቆርጥ ቢላ እኔ አላውቅም። በዚህ ጎኑ ተበልቶ አልቋል፣ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ያው ስኒ፣ ያው ግራኝ። አሁን ግን ከተተወ ወራት ሆኖታል።»

ማስቱራ ቢላውን አንስታ እሷም ዳበሰችው። ዘጠኝ ዓመት በአባቷ ቢላ ስትኮራ፣ እኚያ ሴትዮ አንድም ቀን ትንፍሽ አላሉም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቅናቷ ግን አልበረደላትም፣ እንዲያውም ባሰባት። ምን እንደተወሰደባት ያወቀችው ገና አሁን ነው።

«ታዲያ የቱን ልጠቅልልልሽ?» አሉ ጋሽ ቱርሱን።

በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ለግራኝ የሚሆን አለዎት?»