ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ

ሹፌሩ ሙዚየም መውደድ የጀመረው በስተእርጅና ነው። እስከ አምና ድረስ በእረፍት ቀኑ ከአልጋ የሚያወርደው ኳስ ብቻ ነበር። አሁን ግን ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ጺሙን ተላጭቶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ «ድንቡሼን ሙዚየም ላሳያት» ይላል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደስ ብሏት አብራቸው ትሄድ ነበር። ባሏ ለልጁ ያለውን ፍቅር ታውቃለች። ድንቡሼ የመጣችላቸው ተስፋ ቆርጠው ከተዉት በኋላ ነው። ፎቶዎቿ ሳሎኑን ሞልተውታል፤ ስትሮጥ፣ ስትዘል፣ ወንበር ላይ ቆማ ስትደንስ። ሰፈርተኛው «ቁርጥ አባቷን!» ባላት ቁጥር ባልና ሚስት ተያይተው ይስቃሉ።

ሳቁ የጠፋው የወፎቹ አዳራሽ ውስጥ ነው።

እዚያ አንዲት ጠባቂ ቆማለች። ቀጠን ያለች ወጣት ናት፤ ዩኒፎርሟን ከወገቧ አስጠብባዋለች። የልብስ ሰፊ ዓይን እንዲህ ያለውን ነገር አያልፈውም። ጠባቂዋ ድንቡሼን ስታይ በርከክ ብላ የጃኬቷን ዚፕ ዘጋችላት። ይሄኔ ሹፌሩ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ ውልቅ አለ። ሲመለስም ወደ ጠባቂዋ ቀና ብሎ አላየም። ቆንጆ ሴት አጠገቡ ቆማ አንዴ እንኳ ቀና የማይል ወንድ! ልብስ ሰፊዋ ነገሩ አልጣማትም።

በሚቀጥለው ወር ሰውየው ወፎቹን እርግፍ አድርጎ ተዋቸው። «ዛሬ ድንጋዮቹን ነው የማሳያት» አለ። ድንጋዮቹ ጋ ያችው ጠባቂ ነበረች። ከዚያ ደግሞ ሥዕል አማረው፤ ሥዕልን ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ የማይለየው ሰውዬ! ሥዕሎቹ ጋ ማን ቆማ ቢያገኙ ጥሩ ነው? ያችው።

ዛሬ ልብስ ሰፊዋ ስትገላበጥ አድራ ነው የመጣችው። ታክሲ ውስጥ እግሯ አላርፍ አላት። ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ መልሳ ትከፍታለች።

«ምን ሆነሻል?» አላት ባሏ።

«ምን እሆናለሁ? ዛሬስ የት ነን?»

«ቢራቢሮዎቹ ጋ።»

«ቢራቢሮ እንዳለ ማን ነገረህ?»

«ሙዚየም አይደል እንዴ? አይጠፋም» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሲደርሱ አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀደሙ። እሷ ትኬት ቆራጩ ጋ ቆም አለች።

«ወንድሜ፣ ጠባቂዎቹ ቦታ ይቀያየራሉ እንዴ?»

«በየወሩ ነዋ። አንድ ቦታ ከቆዩ ቆመው ይተኛሉ» አለ እየሳቀ።

«ማን የት እንደሚሆን ለሰው ይነገራል?»

«ለማን ይነገራል? እነሱው ናቸው የሚያውቁት።»

እስካሁን ጥርጣሬ ብቻ ነበር፤ አሁን ጨርሳ አመነች። ይደዋወላሉ ማለት ነው። ቤቷ ውስጥ፣ ምናልባትም እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ፣ ባሏ ጓዳ ገብቶ ከዚህች ሴት ጋር ያወራል።

ቢራቢሮዎቹ በመስታወት ሣጥን ውስጥ በስፒል ተወግተው ተደርድረዋል። ጠባቂዋ ሸሚዟን ተኩሳ፣ ፀጉሯን አዲስ ተሠርታ ቆማለች። ለማን ብላ ነው ይሄ ሁሉ? ድንቡሼ ላይኛውን ሣጥን ለማየት ስትንጠራራ ጠባቂዋ ቶሎ ብላ አቀፈቻት።

«ይሄ ለምን አይበርም?» አለች ልጅቷ።

«ደክሞት ነው፣ የኔ እናት።»

«ተኝቶ ነው?»

«አዎ፣ ተኝቶ ነው።»

ልጅቷ ቢራቢሮውን አይታ ጨረሰች፤ ጠባቂዋ ግን አላወረደቻትም። በልጅ በኩል ልትገባብኝ ነው፣ አለች ልብስ ሰፊዋ በሆዷ። ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እኔ እንግዲህ ሽንት ቤት…» ማለት ጀመረ።

«ልጅቷንም ይዘሃት ሂድ።»

«እሷ መች…»

«ይዘሃት ሂድ አልኩህ!»

ይዟት ሄደ። ጠባቂዋ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ዓይኗን ከኋላቸው አልነቀለችም። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። ከደሟ መፍላት ይልቅ ግን ፍርሃቷ ይብስ ነበር። ባሏን ትወደዋለች። ማታ ማታ ሦስቱም አንድ ሶፋ ላይ ተደራርበው ቴሌቪዥን ያያሉ፤ ያ ሶፋ ሊፈርስባት ነው። ቀረብ አለች።

«ስሚኝ፣ ሚስቱ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽማ ጥሩ። ሞኝ እንዳልመስልሽ። የት እንደምትቆሚ የምትነግሪው አንቺ ነሽ አይደል?»

ጠባቂዋ ለመካድ አልሞከረችም። «እኔ ነኝ» አለች።

«ምን ዓይነት ድፍረት ነው! በአደባባይ? ልጁ ፊት?»

«አንቺ እንዳትሰሚ ለምኜው ነበር። አጥፍቻለሁ።»

«አጥፍቻለሁ? ቤቴን ልታፈርሺው ነው እኮ!» ድምፅዋ ተሰባበረ። የመስታወቱን ሣጥን ጠርዝ ያዘች። «ምንድን ነው የምትፈልጊው? እስቲ ንገሪኝ። ከቤቴ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

ጠባቂዋ በሩን አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሕፃን ሳለች ጆሮዋን ካልያዘች አትተኛልኝም ነበር» አለች፤ «አሁንም እንደዚያው ናት?»