ውስጥ ያለ ሰው

«ውስጥ ሰው አለ ይላል» ይለኛል የኮምፒውተር ጠጋኙ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ሁሉም ካልወጣ ፋይሉን አጠጋግቶ ማሳነስም መጠገንም አይቻልም።»

የክትባት ክፍላችን መዝገብ ያለው እዚህ ፋይል ውስጥ ነው። የተሰረዘው ሁሉ ቦታውን ሳይለቅ እየተከማቸ ፋይሉ አብጧል፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመከፈት ያስለምናል፣ አንዳንዴም ጭራሽ እንቢ ይላል። ዛሬ ካልተጠገነ ነገ የሚሰበር ይመስለኛል። ከተሰበረ የትኛው ሕፃን ምን እንደተከተበ የሚያውቅ አይኖርም። መጀመሪያ ቅጂ አስቀምጥ አልኩት፤ አስቀመጠ። ያኛው ቢበላሽስ ብዬ ሌላ ጨምር አልኩት፤ ፈገግ ብሎ ጨመረ።

ይህን ሥራ በየሳምንቱ መጨረሻ የምትሠራው ልጄ ነበረች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ «ውጡልኝ፣ ቤት ልጠርግ ነው!» ስትል ነርሶቹ ከየክፍላቸው ፋይሉን እየዘጉ «ወጥተናል እመቤቴ» ይሏታል። እኔ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ ስላት «እማዬ፣ አንቺ እኮ የምሥራች ሲነገርሽ እንኳ ወንበር ይዘሽ ነው የምትሰሚው» ትለኛለች።

ዛሬ የተጣራሁት እኔ ነኝ። ድምፄ ቢሰልልም ሰምተውኛል። ወጥተናል እትዬ አሉኝ። እመቤቴ ያለ የለም።

ጠጋኙ ማሽኖቹን ዞሮ አይቶ መጣ። ሁሉም ተዘግተዋል፣ የቀረ አለ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። የቱ እንደቀረ ገብቶኛል። የኋለኛውን የልጄን ቢሮ ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ አሳየዋለሁ። ያኔ እሱም ይገባዋል። እኔ ልዝጋው ብሎ እጁን ሲዘረጋ ቁልፉን ጭብጥ አደርጋለሁ።

በሩን ራሴ ከፍቼ እገባለሁ። ከቀብሯ ወዲህ እዚህ ክፍል የገባ የለም። ወንበሩ ወደ በሩ ዞሮ ቆሟል። ራሴን አመመኝ፣ አየር ልውሰድ ብላ ነው ከዚህ የተነሳችው፤ በዚያው ቀረች። መኪናውን፣ ውሻውን፣ ኤሌክትሪኩን ስፈራላት የኖርኩ ሴት፣ ራስ ምታትን ከቁብ አልቆጠርኩትም ነበር።

ማውሱን ስነካው የጨለመው ስክሪን ይበራል። የአንድ ሕፃን ስም ተጽፏል፤ የተወለደበት ቀንም አለ። ቀጥሎ «የእናት ስም» ይላል። ባዶ ነው። ጠቋሚዋ እዚያ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ አሁን የሚጽፍባት ሰው እንዳለ ሁሉ። በግራ ጠርዝ በኩል ትንሽዬ እርሳስ ተስላለች፤ የተጀመረ ጽሑፍ ገና ሳያልቅ ሲቀር የምትወጣ ምልክት ናት።

እንዳለ ልመዘግበው እሞክራለሁ። የእናቱ ስም ካልገባ አልቀበልም፣ ካልተሰረዘም አልዘጋም ይላል። የምጽፈው የእናት ስም አላውቅም፤ የማውቀው የራሴን ብቻ ነው።

የሕፃኑን ስም መዳፌ ላይ እጽፋለሁ፤ ነገ ከነርሶቹ ጋር ሆኜ እናቱን አፈላልጋለሁ። ብዕሩ ላብ ላይ አልጽፍ ስለሚል ሁለት ጊዜ አደምቀዋለሁ። ጠጋኙ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

መሰረዣውን እጫናለሁ።

ፊደሎቹ አንድ ላይ ይጠፋሉ። እርሳሷም የለችም፤ የነበረችበት ቦታ ነጭ ነው።