አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች

አከራዩ የሬንጁን ጣሳ አንጠልጥሎ ከጣሪያው ሲወርድ እግሩ የመሰላሉን መርገጫ ሳተና ተንገዳገደ። መሰላሉን የሚይዝለት ሰው አልነበረም። ልቡ እስኪመለስለት ግድግዳውን ተደግፎ ቆየ። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ክፍል ገብቶ ቀና አለ። ቅድም ጣሪያው ላይ በባልዲ ያፈሰሰው ውሃ፣ ከስፌት መኪናዋ በላይ ከዚያው ከለመደው ቦታ ጠብ ጠብ ይላል።

«አሁንም?» አለች ልብስ ሰፊዋ። የስፌት መኪናዋን በላስቲክ ሸፍናለች፤ ጨርቆቿን በከረጢት እየከተተች ነው።

«አሁንም። ግን ዛሬ ሳላገኘው አልቀርም። ዝናቡ ሳይመጣ።»

«አባባ፣ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ድመት ጣሪያ ላይ ነዎት። ድመት እንኳ ወርዶ ያርፋል።»

አከራዩ ሳቅ አለ። ባለፈው ዝናብ ውሃው የደንበኛ ልብስ ላይ ሲወርድባት ቁርጡን ነግራዋለች፤ አንዴ ከደገመ ቤቱን ትለቃለች። ሌሎቹ ክፍሎች አንድ በአንድ ባዶ ቀርተዋል። ከእሱ ሌላ በግቢው ውስጥ እሷ ብቻ ነች ያለችው። ማታ ማታ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ሲመጣለት፣ ራቱን ብቻውን የበላ አይመስለውም።

ሊወጣ ዞር ሲል ግድግዳው ላይ ዓይኑ አረፈ። መስታወቷ የለም። ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል። ከረጢቶቹን አየ፤ አፋቸው በገመድ ታስሯል።

«ጠቅልለሽ ነው እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ጨርቅ አጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው። «ማታ ልነግርዎ ነበር። ቤት አግኝቻለሁ። ነገ ጠዋት ጋሪ ይመጣል።»

«ደግ አደረግሽ» አለ። ጎንበስ ብሎ የሬንጁን ጣሳ አነሳ።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ ነዋ። ቀዳዳው እኮ ዕቃሽ አይደለም፤ አብሮሽ አይሄድም።»

ፈገግ ማለት አልፈለገችም ነበር፤ አመለጣት። እስከ በሩ ተከተለችው። «ቆይ እስቲ፣ ይሄ ነገር ለብቻ ነው እንዲህ የሚፈለገው?»

«ለብቻማ አይሆንም። የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከታች ሆኖ በርና መስኮቱን ግጥም አድርጎ ይዘጋል። ክፍሉ ሲጨልም ቀዳዳዋ እንደ ኮከብ ቦግ ትላለች። ያኔ አጠገቧ በመጥረጊያ እንጨት ቆርቆሮውን ይመታል። ሌላው ከላይ ድምፁን ተከትሎ ይሄዳል።» ጣሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ታች የምትሆነው ባለቤቴ ነበረች፤ ነፍሷን ይማርና። የኔ ዓይን እንደሁ ያቺን ታህል ብርሃን አያይም።»

«እኔስ? ክረምቱን ሙሉ እዚሁ አልነበርኩም?»

«ተከራይ ሥራ አይታዘዝም።»

«ማነው ያለው?»

«እሷው ነበረች የምትለው።»

ልብስ ሰፊዋ መጥረጊያውን ከጥግ አንስታ ገለበጠችው። «ይውጡ እንግዲህ። ሰማዩ እየከበደ ነው።»

መሰላሉን እስኪወጣ ያዘችለት። ጣሪያው ላይ ሲደርስ፣ ከሥሩ መጀመሪያ መስኮቱ፣ ቀጥሎ በሩ ሲዘጋ ሰማ።

ሬንጁን ደራርቦ የለጠፈው ከስፌት መኪናዋ አናት ላይ ነበር፤ እዚያው አጠገብ በሆዱ ተኝቶ ጠበቀ። ምንም የለም። ነፋሱ ሸሚዙን ገለበው። ትታው ሄዳ ይሆን ብሎ ማሰብ ጀመረ።

ኳ።

ከሬንጁ ሥር አልነበረም። ከሩቅ፣ ከጣሪያው አናት አካባቢ ነው።

ኳ። ኳ።

እየተሳበ ተከተለው። ባለቤቱ ስትመታ የታመመ ሰው በር እንደምታንኳኳ ነበር፤ ይህቺ በር የምትሰብር ነው የምትመስለው። ቆርቆሮው ከመዳፉ ሥር ዘለለ። እጁን ሲያንቀሳቅስ አንዲት ምስማር ነካ። ሥሯ ያለው ጎማ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ አልቋል፤ ምስማሯም ከቦታዋ ሸርተት ብላ ቀዳዳዋን ክፍት ትታዋለች። ለካ ውሃው እዚህ ገብቶ፣ እንጨቱን ይዞ ቁልቁል ተጉዞ ነው እዚያ ታች የሚንጠባጠበው። እሱ ክረምቱን ሙሉ ሲለጥፍ የኖረው መውረጃውን ነው።

ጣቱን ቀዳዳዋ ላይ አሳረፈ።

«ጠፋች» አለች ልብስ ሰፊዋ ከታች። ድምፅዋ ከቆርቆሮው ሥር፣ ከጆሮው አጠገብ ሆኖ ተሰማው። «እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«አገኟት ማለት ነው።»

አከራዩ ጣቱን አነሳ። «አሁንስ?»

«አሁን አለች።»

መልሶ ሸፈናት። «አሁንስ?»

«የለችም።» ሳቋ ተሰማው። «በቃ እኮ እሷው ናት፤ ይድፈኗት።»

የመጀመሪያዋ ጠብታ ጀርባው ላይ አረፈች፤ ሌላዋ አጠገቡ ቆርቆሮው ላይ። የሬንጁ ጣሳ እንደተከደነ ከክርኑ አጠገብ ተቀምጧል። አከራዩ ጉንጩን ቆርቆሮው ላይ አስጠጋና ጣቱን እንደገና ቀስ ብሎ አነሳ።

«አሁንስ?»