የባሕር ዛፉ ርብራብ

«ይህ ርብራብ ዛሬ ሰው ይፈጃል» አለ ከልጅቱና ከእናቷ ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ለአራተኛ ጊዜ። «ተሰንጥቋል ሲል የሰማሁት ከራሱ ከአናጢው አፍ ነው።» እንጅባራ ላይ ለፈረስ ጉግሱ ተመልካች ከባሕር ዛፍ የተሠራው ባለ ደረጃ መቀመጫ፣ ሕዝቡ በጮኸ ቁጥር ሲጥ ይል ነበር። ልጅቱ ምላሰኛ ናት፤ ሌላ ቀን ቢሆን «ጋሼ፣ ከፈሩ ወርደው አይጋልቡም?» ባለችው ነበር። ያን ቀን ግን የእናቷን እጅ አጥብቃ ያዘች።

«እማ፣ እንውረድ።»

«ኧረ ተይኝ! አባትሽ ሲጋልብ እንኳ ከመሬት ሆኜ አቧራውን ብቻ ነበር የማየው። ዛሬ ገና ፈረስ ከነአራት እግሩ አየሁ።»

እየጎተተች አወረደቻት። ፈረሶቹ ከሚታጠፉበት፣ ተመልካቹን ከሜዳው ከሚለየው ገመድ ሥር አቆመቻትና የረገጠችው መሬት ነውና እፎይ አለች። ያኔ አንድ ዳማ ፈረስ ልጓሙን ነክሶ፣ መታጠፉን ትቶ ቀጥ ብሎ መጣ። ገመዱ ተበጠሰ፤ የእናቷ እጅ ከእጇ ሾልኮ ወጣ። አቧራው ውስጥ በዳበሳ ስታገኘው ገና ይሞቃል፤ መልሶ ግን አልጨበጣትም። ከላይ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ብድግ ብሎ «ኡኡ!» ሲል ርብራቡ ንቅንቅ አላለም።

አናጢው እየሮጠ ደረሰ። «ምነው ልጄ፣ እላይ አልነበራችሁም እንዴ?»

«ተሰንጥቋል ተባለ» አለች ልጅቱ።

«እሱማ የአምናው ርብራብ ነው» አለ አናጢው፤ «ፈልጠን ካነደድነው ቆየ።»